የውሸት እርግዝና

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ ውሻ የውሸት እርግዝና አቀርብላችኋለሁ።

በሰፈራችን ግቢ የምትጠብቅ አንዲት ውሻ ሆዷ ተነፋ፣ ጡቷም አጋተ። ጥግ ይዛ ጆንያ እየቧጨረች ማደሪያ ሠራች፤ አሮጌ ጫማ እንደ ቡችላ አቅፋ ትተኛ ነበር። ግን ምንም አልወለደችም። ሰዎች «ልጆቿን በልታ ነው» ብለው ሊያባርሯት ፈለጉ። እሷ ግን አልበላችም፤ መጀመሪያውኑ አላረገዘችም።

ምክንያቱ ሆርሞን ነው። ሴት ውሻ ወንድ ከፈለገች በኋላ ብታረግዝም ባታረግዝም ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን 2 ወር ያህል በደሟ ውስጥ ይቆያል። የውሻ እርግዝናም 63 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ሰውነቷ ያረገዘ ይመስለዋል። ፕሮጄስትሮን ሲቀንስ ደግሞ ፕሮላክቲን ይጨምራል፤ ወተት የሚያመጣው እሱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንምታት። ጡቷም አይታለብ፤ ከታለበ ወተቱ ይብሳል። ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ሳምንት በራሱ ይጠፋል። የሰፈራችንም ውሻ ጫማውን ራሷ ትታ በሯን መጠበቅ ጀምራለች። ጡቷ ከጠጠረና ከጋለ ወይም ከማህፀኗ መግል ከወጣ ግን ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ልጆች፣ እንስሳ አፍ የለውም፤ ሳናጣራ አንፍረድበት። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!