ስለ መካኒካል ኪቦርድና ስለ ስዊቹ አመራረጥ



በዚህ ዘመን ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዳሩ ግን ጣታችን በየቀኑ ከሚመታው ቁልፍ ሥር ምን እንዳለ፥ አንዱ ቁልፍ ሲጮኽ ሌላው ስለምን ዝም እንደሚል የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም ብሆን አልጠየቅሁም ነበር። ያስጠየቀኝ ዱባይ የምትኖረው አክስቴ ባለፈው ዓመት ለበዓል ስትመጣ አንድ መካኒካል ኪቦርድ ልታመጣልን ቃል ገብታ፥ «የትኛውን ቀለም ልግዛ? ቶሎ ንገሩኝ» ብላ መላኳ ነው። ቀለም ያለችው የላዩን ሳይሆን የስዊቹን ቀለም ኖሯል። ዕቃው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለሆነ ብንሳሳት መመለስ አይቻልም።

የምርጫው ችግር እንዲገባችሁ የቤታችንን ነገር በጥቂቱ ልግለጽ። እናቴ ለባለጉዳዮች ማመልከቻና የፍርድ ቤት ክስ በመጻፍ ትተዳደራለች። ጽሕፈት የተማረችው በ1980ዎቹ መጨረሻ በጽሕፈት መኪና ነው። እኔ ደግሞ፥ መምህሮቼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ የቤት ሥራዬን ስጨርስ ጌም እወዳለሁ። ኮምፒዩተሩ አንድ ነው፤ ታናሽ እኅቴ የምትተኛውም እዚያው ኮምፒዩተሩ ባለበት ክፍል ነው። እንግዲህ የሚመረጠው ኪቦርድ የሦስታችንን ነገር የሚያስማማ መሆን ነበረበት።

አስቀድሞ የተራውንና የመካኒካሉን ልዩነት እንይ። በየቢሮው የምናገኘው ተራ ኪቦርድ ከቁልፎቹ ሥር አንድ የጎማ ንጣፍ አለው። ጎማው በያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እንደ ትንሽ ጉልላት ያበጠ ነው፤ ጣት ሲጫነው ጉልላቱ ይሟሽሽና ከበታቹ ያሉትን ስስ የላስቲክ ንጣፎች ያገናኛል። ዋጋው ርካሽ፥ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። ጉድለቱ ፊደሉ እንዲጻፍ ብዙውን ጊዜ እስከ ታች መጫን ማስፈለጉና ጎማው እያደር መድከሙ ነው። በመካኒካሉ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች አለው። በስዊቹ ውስጥ አንድ የሽቦ ሞላ፥ ከሞላው ላይ አንድ የፕላስቲክ ዘንግ፥ በጎኑም ሁለት የብረት ምላሶች አሉ። ዘንጉ ሲወርድ ምላሶቹ ይነካካሉ፤ ምልክቱም ወደ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል።

ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች የሚከተሉት፥ ቼሪ የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኤም ኤክስ የሚባለውን ስዊች ነው። ዓይነቱ ሦስት ነው። አንዱ ያለ አንዳች እንቅፋት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሲሆን ቀዩና ጥቁሩ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው በመንገዱ ላይ ጣት የሚሰማው ትንሽ ጉብታ ያለው ነው፤ ይኸውም ቡኒው ነው። ሦስተኛው ሰማያዊው ሲሆን ጉብታም አለው፥ ሲወርድም ቀጭ ብሎ ይጮኻል። ቀዩን ለማስጻፍ 45 ሴንቲ ኒውተን፥ ቡኒውን 55፥ ጥቁሩንና ሰማያዊውን 60 ሴንቲ ኒውተን ኀይል ያስፈልጋል። አንድ ሴንቲ ኒውተን በፊዚክስ እንደተማርነው ከአንድ ግራም ክብደት ጋር እጅግ ይቀራረባል።

ይህን በወሬ ብቻ እንዳልቀበል አንድ የክፍል ጓደኛዬ ባለ ቀይ ስዊች ኪቦርዱን አዋሰኝና ፈተናውን አብረን አደረግን። በአንዱ ቁልፍ ላይ ሳንቲም እየደረብን ፊደሉ በስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ጠበቅን፤ ከዚያም ሳንቲሞቹን ይዘን ወርቅ ቤት ሄደን አስመዘንን። ወርቅ ሠሪው ሥራችንን ሰምቶ ከሳቀ በኋላ በነጻ መዘነልን። ውጤቱ ከ45 ግራም ብዙ አልራቀም። ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ቁልፉ በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ሲሆን ፊደሉ የተጻፈው ገና በመንገዱ አጋማሽ፥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንደ ወረደ ነው። የቀረው መንገድ ለጽሕፈቱ ምንም አይጠቅምም።

የጽሕፈት መኪና እንዲህ አይደለም። በእርሱ ላይ ፊደሉን አንሥቶ ከወረቀቱ ጋር የሚያጋጨው የጣት ኀይል ነው፤ ጣት ከሰነፈ ጽሕፈቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ በመኪና የሠለጠነ እጅ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ይመታል። እናቴም ኮምፒዩተር ከያዘች ብዙ ዓመት ቢሆናትም እስከ ዛሬ የምትጽፈው እንዲሁ ነው። በጎማው ኪቦርድ ላይ ብዙ ገጽ ስትጽፍ ከውላ ማታ አንጓዋን ታሻለች። መካኒካል ኪቦርድ ሕመም ያድናል ማለቴ አይደለም፤ ያን ለሐኪም እተዋለሁ። ነገር ግን ጉብታው ወይም ድምፁ «ፊደሉ ተጽፏል፥ ይበቃል» ብሎ ለጣት ስለሚነግር፥ እስከ ታች የመምታትን ልማድ ለመተው ይረዳል።

ከዚህ በኋላ ባለ ሰማያዊ ስዊች ኪቦርድ ተውሰን ቤታችን አስገባን። እናቴ ገና አንድ መሥመር ሳትጨርስ ፊቷ በራ፤ «ይህስ መጻፌን ይነግረኛል» አለች። ድምፁ የልጅነት ሥራዋን አስታውሷት ይሆናል። ለእኔም ደስ አለኝ፤ ምርጫው አለቀ ብዬ ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት ማታ ለጠዋት የሚደርስ ክስ ስትጽፍ እኅቴ ሦስት ጊዜ ነቃች። በሦስተኛው ላይ አባቴ ከመኝታው ተነሥቶ ምንም ሳይናገር አሮጌውን የጎማ ኪቦርድ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ኪቦርድ የሚሸጡ ሰዎች ስለ ድምፅ ሲናገሩ ስለሚጽፈው ሰው ጆሮ እንጂ ስለሚተኛው ሰው አያነሡም። አንድ ክፍል ለብዙ ሰው በሆነበት ቤት ሰማያዊ ስዊች አይገባም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ጌሙ ልለፍ። ተማሪዎች ሁሉ «ለጌም ቀይ ነው» ይላሉ። ነገሩ እውነት አለው፤ ጉብታ የሌለው ስዊች ደጋግሞ ለመጫን ይቀላል። ደግሞም ብርማ የሚባለው የቼሪ ስዊች ገና 1.2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ምልክት ይሰጣል። ይሁን እንጂ በእኔ ግምት ተጫዋቹን አብዝቶ የሚጎዳው የስዊቹ ቀለም ሳይሆን ብዙ ቁልፎች ባንድነት ሲጫኑ የሚፈጠረው መደናገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኪቦርድ ውስጥ ለያንዳንዱ ቁልፍ የተለየ ሽቦ እስከ ኮምፒዩተሩ አይዘረጋም። ቁልፎቹ እንደ ክፍላችን ወንበሮች በረድፍና በዐምድ የተያዙ ናቸው፤ ኪቦርዱም ረድፎቹን እየተዘዋወረ «ማን ተጫነ?» ብሎ ይጠይቃል። የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች ባንድነት ከተጫኑ ግን ኤሌክትሪኩ በሦስቱ በኩል ዞሮ ይመጣና አራተኛውም የተጫነ ያስመስለዋል። በዚህ ጊዜ ተራው ኪቦርድ እንዳይዋሽ ሲል ሦስተኛውን ቁልፍ አይቀበልም። ወደ ፊት እየሮጣችሁ፥ ወደ ጎን እየታጠፋችሁ፥ ለመዝለል ስትጫኑ ተጫዋቹ ደርቆ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ በያንዳንዱ ቁልፍ አጠገብ ዳዮድ ማኖር ነው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ ወገን ብቻ ስለሚያሳልፍ ዙሮ መምጣቱ ይቀራል። እንግዲህ ለጌም የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ስንት ቁልፍ ባንድነት ይቀበላል?» ብሎ ነው።

ከነዚህ ሌላ በማግኔት የሚሠራ አዲስ ስዊች መጥቷል። በእርሱ ውስጥ የሚነካካ ብረት የለም፤ ማግኔቱ ምን ያህል እንደ ወረደ ስለሚለካ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጻፍ ባለቤቱ ራሱ ይወስናል። እንዲያውም ግራና ቀኝ ባንድነት ሲጫኑ የኋለኛውን ብቻ የሚቀበል ዘዴ በአንዳንድ ኪቦርዶች ላይ ስለ ተጨመረ፥ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. ካውንተር ስትራይክ 2 በተባለው ጨዋታው ላይ ከልክሎታል። ለቤታችን ግን ይህ ከዐቅም በላይ ስለሆነ አልተመኘሁትም።

ገዢ እንዳይታለል ሁለት ነገር ልጨምር። ቀለም በየፋብሪካው ይለያያል። ሬዘር የተባለው ኩባንያ ቀጭ የሚለውን አረንጓዴ፥ ባለ ጉብታውን ብርቱካናማ፥ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ቢጫ አድርጎታል። ስለዚህ «ቡኒ» ከማለት ይልቅ «ጉብታ ያለው፥ 55 ያህል» ማለት ይሻላል። ሁለተኛም፥ መብራት ስለሚበራበት ብቻ መካኒካል ተብሎ የሚሸጥ የጎማ ኪቦርድ አለ። አንዱን ቁልፍ ነቅላችሁ ከሥሩ ተመልከቱ፤ ጎማ ካያችሁ ዋጋውን ቀንሱ።

በመጨረሻ ለአክስቴ የላክሁት መልስ ይህ ነበር፤ «ቡኒ ይሁን፤ ቁልፎቹን ባንድነት የሚቀበል ይሁን፤ ስዊቹ ያለ ብየዳ ተነቅሎ የሚተካ ዓይነት ይሁን፤ ከተቻለ ጥቂት ቀይ ስዊቾች ለብቻ ጨምሪ።» እርስዋም እንዳልሁት አመጣች። እኔም በጌም ጊዜ የግራ እጄ የማይለቃቸውን የላቲኖቹን ደብልዩ፥ ኤ፥ ኤስ እና ዲ ቡኒዎቻቸውን ነቅዬ ቀዮቹን ተከልሁባቸው። ዕውቀቴ እጅግ የኮራሁበት ቀን ነበር።

ሳምንትም አልቆየ። እናቴ የጻፈችውን ክስ ከማተሟ በፊት ስታነብ፥ «ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን አልመጣም» ብላ የጻፈችው «አላመጣም» ሆኖ አገኘችው። ወዲያው እኔን ጠርታ «አንተ ልጅ፥ ይህን ኪቦርድ ምን አደረግኸው?» አለች። ነገሩን ስንመረምረው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። አማርኛ በድምፅ ሲጻፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋል፤ አንድ ለተነባቢው፥ አንድ ለአናባቢው። «አልመጣም» አምስት ፊደል ሲሆን ሰባት ምት ይወስዳል። ኤም ብዙ ሥራ ካለባቸው አናባቢዎች አንዷ ናት፤ የግራ ትንሽ ጣት ደግሞ ዘወትር የሚያርፈው በእርስዋ ላይ ነው። ቀዩ ስዊች ቀላል ስለሆነና ጉብታም ስለሌለው፥ ጣቷ ገና ጋደም ሲል ኤ ተጻፈችና «ል»ን «ላ» አደረገቻት። በፍርድ ቤት ደግሞ አለመምጣትና አለማምጣት አንድ አይደሉም።

ክሱ ሳይታተም መገኘቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ዕለት ማታውኑ የኤን ቀይ ስዊች ነቅዬ ቡኒውን መለስሁ። ሌሎቹን ሦስቱን እናቴ ስትጽፍባቸው ስላላስቸገሯት ቀይ እንደሆኑ ቀሩ። በጌሙ ወደ ግራ ስሄድ ጉብታው ለጣቴ ይሰማኛል፤ ሁለት ሳምንት ያህል አስቸግሮኝ ነበር፥ አሁን ግን ለምጄዋለሁ። የተነቀለችው ቀይ ስዊች በክብሪት ቤት ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከሦስቱ አንዱ ቢበላሽ ትተካለች።