እናታችንን ለማን አደራ እንሰጣለን?

ለጥናት የሚነበቡ፦ ዘጸአት 20፥12፤ ማርቆስ 7፥9-13፤ ዮሐንስ 19፥25-27፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥3-8።



ሽማግሌዎችን መጦር በአገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውን ምርቃት ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ዳሩ ግን ልጆች እንጀራ ፍለጋ በየአገሩ በተበተኑበት በዚህ ዘመን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ በቤታችን ልንጦራቸው ያልቻልን እንደ ሆነ ለማን አደራ እንሰጣለን?

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ቤተ ሰብ በሐሳባችን እናስቀምጥ። እናቲቱ በጅቡቲ ከተማ በቡላኦስ ይኖራሉ። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከደጋ ወደዚያች የወደብ ከተማ የወረዱ ጥቂቶች አይደሉም፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር ወርደው በዚያው አርጅተዋል። ባለቤታቸው ዐርፈዋል። አንዱ ልጃቸው በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሴቲቱ ልጃቸው በዚያው ከተማ ከማለዳ እስከ ማታ በሰው ቤት ትሠራለች፤ የቀሩት በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ናቸው። እናቲቱ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ መድኃኒታቸውንም ይረሳሉ። በሰፈሩ አንዲት ሴት አራት አረጋውያንን በቤቷ ተቀብላ በክፍያ ትንከባከባለች። ልጆቹ ምን ያድርጉ?

ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ። እንግዲህ አደራ መስጠት በራሱ መጣል አይደለም። ነገር ግን አደራውን የተቀበለው በስም የታወቀ፥ የተፈተነ ሰው እንደ ነበረ እናስተውል። በማርቆስ ወንጌል ደግሞ ቍርባንን ምክንያት አድርገው ለወላጆቻቸው የሚገባውን የሚከለክሉትን ይወቅሳል። በየወሩ ገንዘብ እየላኩ «ግዴታዬን ፈጽሜአለሁ» ማለትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ቤት ስንመርጥ ከሁሉ አስቀድመን ሰውን እንመርጣለን፤ ከመረጥንም በኋላ አደራው ከእኛ አይወርድም።

1ኛ፤ እናቲቱ ራሳቸው ይጠየቁ። ልጆች በስልክ ተማክረው ከጨረሱ በኋላ ውሳኔውን ብቻ ማሰማት አክብሮት አይደለም። «ወደ አዲስ አበባ እናምጣቸው» የሚለው አሳብ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሚሆን ደጋ መውጣት ልብ ወይም ሳንባ ለታመመ ሰው ቀላል ስላልሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። ቡና አብረው የጠጡትን ጎረቤትም ማጣት ለሽማግሌ ትልቅ ኀዘን ነው።

2ኛ፤ ስለ ሌሊቱ እንጠይቅ። በቀን፥ እንግዳ ሲጠበቅ፥ ማናቸውም ቤት ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ ሳናስታውቅ አንድ ጊዜ በምግብ ሰዓት፥ አንድ ጊዜ ከመሸ በኋላ እንሂድ። አንድ አረጋዊ በሌሊት ለሽንት ሲነሣ የሚሰማው ማን ነው? በመንገዱ መብራት፥ በግድግዳው ላይ መያዣ አለን? ከአልጋ መነሣት የማይችለውን በየሁለት ሰዓቱ ያህል የሚያገላብጠው አለን? ይህ ካልተደረገ ገላው ይቈስላል። ትንሽ ቤት እያንዳንዱን በስሙ ያውቃል፤ ነገር ግን ያቺ አንዲት ሴት የታመመች ቀን ሁሉም ይቸገራሉ። በእርስዋ ፈንታ የሚቆመው ማን እንደ ሆነ እንወቅ።

3ኛ፤ ስለ ሙቀቱና ስለ መድኃኒቱ። በጅቡቲ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሽማግሌ ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም፤ ስለዚህ ውኃ እስኪለምን ሳይጠበቅ በየሰዓቱ ይሰጠው። መብራት ሲጠፋና ማራገቢያው ሲቆም ምን ይደረጋል? የስኳር በሽተኛው ኢንሱሊን የት ይቀመጣል? መድኃኒቱን ሁሉ በጽሑፍ የሚይዘው፥ በሌሊትስ ወደ ፔልቲዬ ሆስፒታል የሚያደርሰው ማን ነው?

4ኛ፤ ስለ ቋንቋ። በቡላኦስ ሶማልኛ፥ አፋርኛ፥ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይነገራል። አእምሮው የደከመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ልጅነቱ ቋንቋ ይመለሳል። እናቲቱ በአማርኛ «ውኃ» ሲሉ የሚሰማቸው ይኑር። «እርስዎ» ተብለው ይጠሩ፤ ጸሎታቸውም አይናቅ።

5ኛ፤ ስለ ውል። ክፍያው ምን ምን እንደሚያጠቃልል፥ የሆስፒታሉን ወጪ ማን እንደሚከፍል፥ ለመውጣት ቢፈልጉ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይሁን። ፓስፖርታቸውና የመኖሪያ ወረቀታቸው በቤቱ ባለቤት እጅ አይቆይ። ስለ ዕድርና ስለ መቀበሪያ መነጋገርም ነውር አይደለም።

በአዲስ አበባ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በየጎዳናው የወደቁትን ያነሣል። ያ ማዕከል ጧሪ ለሌላቸው የተዘጋጀ ስለ ሆነ፥ ልጆች ያሉን ወላጆቻችንን ወስደን የእነርሱን ቦታ አንያዝ፤ ይልቁንስ እንርዳው።

ወደ ጀመርነው ቤተ ሰብ እንመለስ። በሌሊት የሚረዳ ሁለተኛ ሰው ካለ፥ እናቲቱም ፈቃደኛ ከሆኑ፥ የቡላኦሱ ትንሽ ቤት የሚሻል ይመስለናል፤ ሴቲቱ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ልታያቸው ትችላለችና። ነገር ግን አንድ ወር ለፈተና ይሁን። የሚነዳው ልጅ ወደ ወደብ በወረደ ቍጥር ይግባ፤ የደጋዎቹ ወጪውን ይካፈሉ፥ በየሳምንቱም ድምፃቸውን ያሰሙ። ጠያቂ የሚበዛበት ቤት ጥፋቱን ሊሸሽግ አይችልም። ጠያቂን የሚከለክል ቤት ግን፥ ግድግዳው ቢያምርም፥ እናታችንን አንተውበት።

ለመወያያ፦ በማኅበራችን መካከል ልጆቻቸው የራቁባቸው አረጋውያን እነማን ናቸው? በዚህ ሳምንት የሚጠይቃቸውስ ማን ነው?