የአሮጌ በገና ዕድሜ፣ መገኛና ዋጋ እንዴት ይመረመራል?

አሮጌ በገና እጅ ሲገባ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ነው። በገና ግን አንድ ዕድሜ ብቻ ያለው ዕቃ አይደለም። ቆዳው ሲላላ ወይም ሲቀደድ ይለወጣል፤ በልማድ ከበግ አንጀት የሚሠሩት አሥሩ አውታሮች ሲበጠሱ ይተካሉ፤ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል ገብቶ የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠው እንዝራም ያልቃል። ስለዚህ «አውታሩ ናይለን ነውና አዲስ ነው» የሚልም ሆነ «ቆዳው ጠቁሯልና ጥንታዊ ነው» የሚል ሰው፣ ተለዋጩን ክፍል ምስክር አድርጎ ቆሟል። ናይለን ለዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ስለሆነ፣ በበገናው ላይ መገኘቱ የሚነግረን አውታሩ ከዚያ ወዲህ መቀየሩን ብቻ ነው። ዕድሜ የሚነበበው እምብዛም ከማይለወጡት ክፍሎች፣ ማለትም ከገበቴው፣ ከሁለቱ ምሰሶዎችና ከቀንበሩ ነው። ከእነዚህም መካከል ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው ከኖሩት፣ ዘመኑ ይበልጥ የሚቀርበው ክፍል ፍርዱን ይሰጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ምንም አለመንካት ነው። አይወልውሉት፣ ዘይት አይቀቡት፣ የላላውን አያጥብቁት። ጥላሸቱ፣ የእጅ ወዙና የሻማው ጠብታ ሁሉ ማስረጃ ናቸው። በቀን ብርሃን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡት፣ ቁመቱንም ይለኩ፤ ሙሉ በገና ወደ 1.2 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ቆዳው በላላበት ክፍተት የባትሪ መብራት አስገብተው የገበቴውን ውስጥ ይመልከቱ። ውጪውን ለገበያ የሚያሳምር ሰው ውስጡን እምብዛም አያስታውሰውም። በእጅ የተፈለፈለ እንጨት ወጣ ገባ የሆነ የመሣሪያ አሻራ ይኖረዋል፤ ተከታታይ የቅስት ጭረት ካዩ ግን እንጨቱ በክብ መጋዝ ማሽን የተሰነጠቀ ነው። የእንጨቱን ዓይነት የሚያውቅ አናጢ ያሳዩ። በተለይ ምሰሶው ወይም ቀንበሩ ባሕር ዛፍ ከሆነ ጥሩ ወሰን ተገኘ ማለት ነው፤ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነውና፣ ያ ክፍል ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ክፍሉ በኋላ የተተካ መሆን አለመሆኑን ደግሞ መጋጠሚያው ይናገራል፦ ቀዳዳው ሁለት ጊዜ ተበስቷል? የአንዱ ጥቁረት ከሌላው ይለያል?

ቀጥሎ የአጠቃቀምን ጉዳት ይፈልጉ። ለረጅም ዘመን የተደረደረ በገና እኩል አያረጅም። አውታር የሚጠመጠምበት የቀንበር ክፍል ይበላል፣ የደርዳሪው እጅና አካል የሚያርፍበት ቦታ ይለሰልሳል፣ የማይነካው ጥግ ሸካራ እንደሆነ ይቀራል። ዳር እስከ ዳር እኩል የጠቆረና እኩል የተፋቀ ዕቃ ከተገኘ፣ ጭስና የብርጭቆ ወረቀት መጠርጠር ተገቢ ነው።

«ይህ ሁሉ ግምት ነው፤ ላቦራቶሪ ይፍረድ» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ ሆኖም የካርቦን ምርመራ ላለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ ለሆኑ ዕቃዎች የሚሰጠው ውጤት ብዙ ጊዜ በበርካታ ዘመናት ላይ የተበተነ ነው። ጠርቶ ቢወጣ እንኳ የሚነግረን ዛፉ ያደገበትን ዘመን እንጂ በገናው የተሠራበትን ቀን አይደለም። ከፈረሰ ቤት ምሰሶ ትናንት የተጠረበ በገና በላቦራቶሪ ፊት ጥንታዊ ይመስላል። የመሣሪያ አሻራውና መጋጠሚያው ግን እንዲህ ያለውን ያጋልጣሉ።

መገኛውን በተመለከተ ከቅርጹ ብቻ ተነሥቶ «የጎንደር ነው»፣ «የሸዋ ነው» ማለት አያስኬድም፤ በገና ከደርዳሪው ጋር ይሰደዳል፣ በውርስ ይሻገራል፣ በስጦታ አገር ይለውጣል። «ከመኳንንት ቤት የወጣ ነው» የሚለው የሻጭ ቃልም ያለ ፎቶግራፍ፣ ያለ ጽሑፍ ወይም ያለ ቤተሰብ ምስክር ዋጋ ሊጨምር አይገባም። የማን ነበር፣ ማን ሠራው፣ ለማን ተላለፈ የሚለው የተረጋገጠ ታሪክ ሲኖር፣ ቆዳው የተቀደደ በገና ስሙ ካልታወቀ ደህና በገና ይበልጣል። ለማነጻጸር በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉትን የሙዚቃ መሣሪያዎች በዓይን ማየት ይጠቅማል።

«ድምፅ የማይሰጥ በገና ምን ያደርጋል? አድሰን እንደርድረው» ለሚሉም መልስ አለ። ማደስ ይቻላል፤ ነገር ግን የወጣውን ቆዳ፣ አውታርና እንዝራ አይጣሉ። ቀኑንና የአዳሹን ስም ጽፈው በጨርቅ ከረጢት ከበገናው ጋር ያኑሩ። ዕድሜው የገፋ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከአገር ለማውጣት አይሞክሩ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማስወጣትን ይከለክላል። ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው፣ የነገሩዎትንም በቃላቸው ይጻፉት።