የቧንቧ መስመር ከካርታ ወደ ንድፍ ሲሸጋገር

ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ በሚዘረጋው የደብረ ማርቆስ አካባቢ ደጋ፣ ምንጭ ከመንደር በላይ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ውሃው ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ በስበት ብቻ ወርዶ ቦኖ ድረስ ሊደርስ ስለሚችል፣ ይህ ዓይነቱ መስመር ነዳጅ በሚታጣበትና መለዋወጫ በሚዘገይበት የድርቅ ጊዜ ታላቅ ጠቀሜታ አለው። ሆኖም ስበት የሚሠራው በከፍታ ልዩነት ነውና፣ በንድፉ ላይ የሰፈረው ከፍታ የተሳሳተ እንደ ሆነ ወይ የመጨረሻው ቦኖ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ቧንቧው ከአቅሙ በላይ በሆነ ግፊት ይፈነዳል።

በአሁኑ ጊዜ መስመሩ የሚነደፈው በጉግል ኧርዝ የሳተላይት ምስል ላይ በመሣል ወይም ጂ.ፒ.ኤስ. ይዞ ቦታውን በእግር በማቋረጥ ነው። የመጀመሪያው ኬ.ኤም.ኤል.፣ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ጂ.ፒ.ኤክስ. የተባለውን ፋይል ይሰጣል። የውሃውን ፍሰትና ግፊት ለማስላት ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተዘጋጅቶ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢፓኔት ሲሆን፣ ዋጋ ስለማይጠየቅበት ለወረዳ ጽሕፈት ቤትም ለረድኤት ድርጅትም የሚመች ነው። ነገር ግን ኢፓኔት የካርታ ፋይሎቹን በቀጥታ አይከፍትም። በመሆኑም ፋይሉ አስቀድሞ ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. በመሰለ የካርታ ፕሮግራም አልፎ መለወጥ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ለውጥ ከዲግሪ ወደ ሜትር ነው። ኬ.ኤም.ኤል. ቦታን የሚመዘግበው በዲግሪ፣ ያውም ኬንትሮስን ከኬክሮስ አስቀድሞ ነው። ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ በዩ.ቲ.ኤም. ሥርዓት በ37ኛው ሰሜናዊ ዞን ይገኛሉ። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ የዞኑ ወሰን የሆነው 36 ዲግሪ ኬንትሮስ መተከልን ይከፍላል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ፓዌ፣ ያኔ በጎጃም ሥር የነበረና ዛሬ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገኝ፣ ከወሰኑ በስተምሥራቅ ሲሆን ጉባ ግን በስተምዕራብ ናት። በአንድ ፋይል ሁለቱን ዞኖች የቀላቀለ ሰው ነጥቦቹን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያራርቃቸዋል። ይህ ስሕተት ግን ወዲያው ስለሚታይ ብዙም አያሳስብም። ይበልጥ የሚያታልለው 200 ሜትር ያህል የሚሆነው ነው። ነባሩ ባለ 1፡50,000 የአገሪቱ ካርታ የተሠራው አዲንዳን በተባለው መነሻ ሲሆን፣ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚጠቀመው ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84ን ነው። ሁለቱ ሳይጣጣሙ ከተደራረቡ፣ በገደል አፋፍ ላይ የታሰበ ማጠራቀሚያ ገንዳ በንድፉ ላይ ገደሉ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ከፍታ ነው። በጉግል ኧርዝ መሬቱን ተከትሎ የተሣለ መስመር ሲቀመጥ፣ በፋይሉ ውስጥ የከፍታው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ነው። ይህን ያላስተዋለ ንድፍ አውጪ ምንጩን በትክክለኛ ከፍታው፣ ቦኖዎቹን ግን በባሕር ወለል ላይ አስቀምጦ ያሰላል፤ ፕሮግራሙም ያለ ተቃውሞ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ ከፍታው ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከመንኮራኩር የተለካው ኤስ.አር.ቲ.ኤም. በነጻ ይገኛል፤ ሆኖም አንዱ ነጥብ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ስፋት የሚወክል ሲሆን፣ የተወሰነለት የስሕተት ልክ 16 ሜትር ነው። ለምሳሌ ያህል ምንጭ በ2,560፣ ቦኖ በ2,540 ሜትር ቢሆን፣ ያለው ልዩነት 20 ሜትር ብቻ ነው። በሁለቱም ጫፍ 16 ሜትር ስሕተት ቢኖር ልዩነቱ እንዳለ ሊጠፋ ይችላል። በእጅ የሚያዘው ጂ.ፒ.ኤስ.ም ቢሆን ከፍታን የሚለካው ከአግድም ቦታ ባነሰ ትክክለኛነት ነው።

የነጥቦች መሳሳትም ሌላ ጉድለት ያመጣል። መስመሩ ጥልቅ ሸለቆ ሲያቋርጥ በወዲህና በወዲያ ዳር ሁለት ነጥብ ብቻ ከተደረገ፣ የሸለቆው ግርጌ ለፕሮግራሙ የለም ማለት ነው። 10 ሜትር የውሃ ቁመት ከ1 ባር ግፊት ጋር ይቀራረባል። ግርጌው ከገንዳው በ130 ሜትር ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ለ10 ባር የተሠራ ቧንቧ አይችለውም፤ ለ16 ባር የተሠራ መግዛት ወይም በመካከል የግፊት መቀነሻ ገንዳ መሥራት ግድ ነው። በመስመሩ ላይ ያለ ጉብታም በዚሁ ዓይነት ከታለፈ፣ በቧንቧው ጫፍ አየር ተጠራቅሞ ውሃውን ያግዳል፤ የአየር ማስወጫ ቫልቭ የት እንደሚገባም አይታወቅም።

በኢፓኔት ውስጥ ርዝመት በራሱ እንዲሰላ ካልተፈቀደ በቀር፣ እያንዳንዱ አዲስ ቧንቧ 1,000 ተብሎ ይመዘገባል፤ መለኪያውም ወደ ሊትር በሰከንድ ካልተቀየረ በእግር ነው። በራሱ ሲሰላም አግድም ርቀትን እንጂ ዳገቱን አይቆጥርም። 30 በመቶ ተዳፋት ባለበት 1,000 ሜትር በካርታ፣ 1,044 ሜትር ቧንቧ ይጠይቃል።

ቧንቧ ከመታዘዙ በፊት ስለዚህ ምንጩ፣ ገንዳው፣ የሸለቆዎች ግርጌ፣ የጉብታዎች ጫፍና እያንዳንዱ ቦኖ በሌቭል መሣሪያ ሊለኩ ይገባል። ልኬቱ በሚካሄድበት ጊዜ የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ አብሮ ቢሄድ መልካም ነው፤ በክረምት መሬት የሚንሸራተትበትን ተዳፋትና ጎርፍ የሚቆርጠውን ሸንተረር የሚያውቁት ነዋሪዎቹ ናቸው፣ በሳተላይት ምስልም ላይ አይታይም። መስመሩ በዚያ ምክንያት የተዛወረ እንደ ሆነ፣ አዲሱ ፋይል ከነልኬቱ ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ የፈነዳ ቧንቧ ቆፍሮ የሚፈልገው ሠራተኛ የሚይዘው እርሱን ነውና።