የወረርሽኝ መከላከያ ግብዓቶች የመጋዘን አቀማመጥ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ የጭምብል፣ የጓንት፣ የሳኒታይዘርና የምርመራ ግብዓቶች ፍላጎት እጅግ ጨምሮ ነበር። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በሚገኙበት በጉለሌ ክፍለ ከተማ የመጋዘን ሥራ ከሕክምናው ሥራ ተለይቶ አይታይም። በመጋዘን እያለ በፍለጋ የዘገየ ጓንት ለባለሙያው እንደሌለ ይቆጠራል።

የዕቃው ቦታ በቅድሚያ የሚወሰነው በሚወጣበት ድግግሞሽ ነው። ለምሳሌ ከመውጫው በር 40 እርምጃ ርቆ የተቀመጠ የጭምብል ካርቶን በቀን 30 ጊዜ ቢፈለግ ሠራተኛው ደርሶ ለመመለስ 2,400 እርምጃ ይሄዳል። ካርቶኑ በ5 እርምጃ ርቀት ላይ ቢሆን ግን 300 እርምጃ ይበቃዋል። በወር አንድ ጊዜ የሚፈለግ ዕቃ ከኋላ ቢቀመጥ ጉዳት የለውም። የወረርሽኙ ሁኔታ ሲለወጥ ፍላጎቱም ስለሚለወጥ ድልድሉ በየጊዜው ሊከለስ ይገባል።

ይሁን እንጂ ፍጥነት ከደኅንነት አይቀድምም። ከባድ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይደረደራል። ክምሩ ከወለል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ ይላል፤ ቁመቱም ከ2.5 ሜትር አይበልጥም። አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳትና ከሙቀት ርቆ ለብቻው ይቀመጣል፤ ከበረኪናና ከሌሎች የክሎሪን ውጤቶች ጋር አንድ ላይ አይከማችም።

አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያየ ጊዜ ሲገባ የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃው ከፊት ይቀመጣል፤ ቀድሞም ይወጣል። ማብቂያ ቀኑ በግልጽ እንዲታይ ካርቶኑ ወደ መተላለፊያው ይዞራል። ጊዜው ያለፈበትና የተበላሸ ዕቃ ምልክት ተደርጎበት ከደኅናው ይለያል። የገባውና የወጣው መጠን በዕለቱ በቢን ካርድ ይመዘገባል።

የሚቻል ከሆነ ዕቃ በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር ይወጣል። ይህም ተረካቢና አስረካቢ በጠባብ መተላለፊያ እንዳይጨናነቁና አካላዊ ርቀታቸውን እንዲጠብቁ ይረዳል።

ሥርዓቱ ለትልልቅ መጋዘኖች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ለተቸገሩ ወገኖች ድጋፍ የሚያሰባስቡ ወረዳዎችና እድሮችም በአነስተኛ ክፍል ሊሠሩበት ይችላሉ። ዱቄት፣ ዘይትና ሌላ ምግብ ከሳሙናና ከበረኪና ተለይቶ ይቀመጥ፤ በረኪና በውኃ ፕላስቲክ አይገልበጥ፤ ሕፃናት ከሚደርሱበትም ይራቅ። በየመደርደሪያው ላይ የዕቃው ስም ከተጻፈ፣ የለመደው ሰው ቢታመም እንኳ ተተኪው ሳይቸገር ያገኘዋል፤ እርዳታውም ለባለቤቱ በሰዓቱ ይደርሳል።