አሮጌ የእንግሊዝ ሳንቲም ዋጋ አለው ወይ?

በእንግሊዝ አገር አረጋውያንን በመርዳት ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን አንዳንድ ጊዜ አሮጌ ሳንቲም የሞላበት ጣሳ በስጦታ ያገኛሉ። በእሑድ ገበያ በርካሽ የሚገዙም አሉ። ዋጋ አለው ወይ ለሚሉን ሁሉ መልሳችን አብዛኛው የለውም፣ ጥቂቱ ግን አለው የሚል ነው። ለይቶ ማወቁም ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያረጀ ሁሉ ውድ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ መልክ ያለበት ትልቁ የነሐስ ፔኒ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም በሚሊዮን የሚቆጠር ስለ ተሠራ፣ መልኩ ተፍቆ ካለቀ ብዙ አያወጣም። የእኛን ጠገራ ብር ያስታውሱ። ላዩ ላይ 1780 ተብሎ ቢጻፍም፣ ከ1936 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ለንደን የሚገኘው የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያ ያንኑ ዓመት እየጻፈ ያወጣው ነበር።

በእንግሊዝ ሳንቲም ላይ ዓመቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ማዕድኑን ለማወቅ ነው። ስድስት ፔንስ፣ ሽልንግ፣ ፍሎሪንና ሃፍ ክራውን የሚባሉትን ለብቻ ያውጡና በሦስት ይክፈሏቸው። ከ1920 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ከመቶ 92.5 እጅ ብር (ማዕድኑን ማለታችን ነው) አለባቸው። ከ1920 እስከ 1946 የተሠሩት ግማሹ ብቻ ብር ነው። ከ1947 ወዲህ ያሉት መዳብና ኒኬል ስለሆኑ ብር የለባቸውም። ለምሳሌ ሃፍ ክራውን 14.1 ግራም ይመዝናል፤ በመጀመሪያው ክምር ያለው 13 ግራም ያህል፣ በሁለተኛው ያለው 7 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይዟል። የዕለቱን የብር ዋጋ ሲጠይቁ የሚነገርዎ በትሮይ አውንስ ነው፤ ይህም 31.1 ግራም እንጂ በወጥ ቤት ሚዛን የምናውቀው 28.35 ግራም አይደለም። ነጋዴው ትርፉን ቀንሶ ቢገዛ አይፈረድበትም፤ እርስዎ ግን ሁለት ሦስት ቦታ ሳይጠይቁ አይሽጡ።

የወርቅ ሶቨሪን ካገኙ ነገሩ ሌላ ነው። ክብደቱ 7.98 ግራም፣ ወርቁ 22 ካራት ነው። አስመስሎ የተሠራ ስላለ ለታወቀ የሳንቲም ነጋዴ ወይም አጫራች ያሳዩ። በአንጻሩ የ1965ቱ የቸርችል ክራውንና የ1981ዱ የቻርልስና የዳያና ሠርግ ክራውን ግዙፍና አንጸባራቂ ቢሆኑም በሚሊዮን ስለ ወጡ ተስፋ አይጣሉባቸው።

አደራ፣ ሳንቲሙን አይፈትጉ! ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያልተነካውን ገጽ ስለሆነ፣ በአመድ ወይም በሎሚ የታሸ ሳንቲም ዋጋው ወዲያው ይወርዳል።

ስጦታ የተቀበሉ ሠራተኞች ከሁሉ በላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። አዛውንቷ በደስታ የሰጡዎትን ነገ ቢረሱት ወይም ቢያርፉ፣ ልጆቻቸው ጣሳውን ሲያጡ የሚጠረጥሩት እርስዎን ነው። የስርቆት ክስ ሥራን ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃድንም ሊያናጋ ይችላል። ስለዚህ ጣሳውን ወደ ቤት ከመውሰድዎ በፊት ለአሠሪዎ ይንገሩ፤ መቀበል አይፈቀድም ካሉዎት ይመልሱ። ከተፈቀደም ቀኑንና የሳንቲሞቹን ዝርዝር በጽሑፍ አስይዘው አንድ ቅጂ ያስቀሩ። ነጋዴው ከየት አመጣኸው ብሎ ሲጠይቅ የሚያሳዩትም ይህንኑ ወረቀት ነው።