ካንዴላው ሳይነበብ አይጣል

ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ፒካፕ ከቆመ መካሪው ብዙ፣ ምክሩ ግን አንድ ነው፦ «ካንዴላ ቀይር!» ምክሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚያሳዝነው አሮጌው ካንዴላ የያዘውን ወሬ ማንም ሳይሰማው መጣሉ ነው።

በመጀመሪያ መኪናዎ ምን እንደሚጠጣ ይወቁ። ናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በታመቀ አየር ግለት ስለሆነ ካንዴላ የለውም። እዚህ የምናወራው ስለ ቤንዚኖቹ፣ በተለይም ካርቡራተር ስላላቸው አሮጌ ሃይሉክሶች ነው።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ግን አየሩ ሳሳ ብሎ ቤንዚኑን በልኩ አይቀንስም። ትርፉ ቤንዚን ጥቀርሻ ሆኖ የካንዴላው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ጫፉ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ጥቀርሻውን ራሱ ያቃጥለዋል፤ መገናኛ ላይ ተሰልፎ የሚያጓራ ሞተር ግን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ከምርመራው በፊት መኪናውን በአዳማው ፈጣን መንገድ ጥቂት ይንዱት። ከሰልፍ የመጣ ካንዴላ ሁሌም ጥቁር ነው፤ ምስክርነቱ አይታመንም።

ከዚያ ሞተሩ ይብረድ፤ በጋለ ሞተር ካንዴላ መፍታት ጥርሱን ይበላዋል። አቧራችንን ያውቁታልና ከመፍታትዎ በፊት ዙሪያውን በአየር ያስነፉ፤ አለዚያ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ገመዱን ከጎማ ቆቡ ይዘው ይንቀሉ፤ ገመዶቹ እንዳይምታቱም አንድ በአንድ ይሥሩ። የወጡትን አራቱን በተራቸው ጋዜጣ ላይ ይደርድሩ። ዋናው ነገር ይህ ድርድር ነው።

አራቱም የማኪያቶ ቀለም ካላቸው ሞተሩ ጤነኛ ነው። አራቱም እንደ ድስት ቂጥ በደረቅ ጥቀርሻ ከጠቆሩ ጥፋቱ የካንዴላ አይደለም፤ የአየር ማጣሪያውንና ካርቡራተሩን ይዩ። አንዱ ብቻ በዘይት ከራሰ የዚያ ሲሊንደር ፋሻ ወይም የቫልቩ ጎማ አልቋል፤ አዲስ ካንዴላ ቢገባም በሳምንቱ ይረጥባል። ነጭ ሆኖ ጫፉ የቀለጠ ካገኙ ግን አይንዱት፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው።

ጫፉ ካልተበላና ሸክላው ካልተሰነጠቀ ጥቀርሻውን ጠርጎ መመለስ ይቻላል። አዲስ ከገዙ ክፍተቱን ይለኩ፤ ልኩን የመኪናው መመሪያ ይነግርዎታል፣ በአሮጌዎቹ ሃይሉክሶች 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የምርት ስም ሲቀይሩ ቁጥሩ እንዳያታልልዎ፦ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ሙቀቱን ቶሎ የሚያስተላልፍ ይሆናል፤ በቦሽ ተቃራኒው ነው።

ሲያስገቡ በቁራጭ ጎማ ቱቦ ጫፉን ይዘው በእጅ ያሽከርክሩት፤ ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ስለሚንሸራተት ጉዳት አይደርስም። ከተቀመጠ በኋላ አዲሱን በመፍቻ ግማሽ ዙር ያጥብቁ። ቀለበቱ ቀድሞ ለተጨፈለቀ አሮጌ ካንዴላ ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃዋል።

ሥራውን ጋራዥ ከሰጡም አሮጌዎቹን በወጡበት ተራ እንዲያስረክቡዎት ቀድመው ይንገሯቸው።